ትንኟ፣ ለጋሹና የደሙ ከረጢት

(በተመራቂዎች ማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ስለምትሠሪበት ነገር ለግማሽ ሰዓት ያህል አጫውቺን» ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ማምለጥ ነበር። ከእራት በፊት ስለ ደም ማውራት ለማንም አይመችም። ግን ደግሞ እዚህ የተሰበሰብነው ሐኪም፣ ነርስ፣ ጤና መኮንን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያና ፋርማሲስት ነን፤ ደም አይተን ምግብ የምንተው ብንሆን ኖሮ ገና በሁለተኛው ዓመት ነበር ትምህርቱን የምናቋርጠው። ስለዚህ ላውራ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በትንኝ የሚተላለፉ ቫይረሶች ከተማ ውስጥ ሲገቡ፣ ከዚያ ከተማ ለጋሾች የምንወስደው ደም ምን ያህል ያስተማምናል? እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። በምሥራቁ ቆላ ለተወሰኑ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ አሁን ባለሁበት ሆስፒታል ደግሞ የደም አጠቃቀም ኮሚቴ አባል ነኝ። ዓመቶቹን እንደ ሙያችን ጽሑፎች ልማድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ስናገር ለይቼ እነግራችኋለሁ።

ትምህርት ቤታችንና ትንኝ

ይህ ትምህርት ቤት እኮ የተወለደው በትንኝ ምክንያት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ወደ 7 ሺህ የሚገመት ሰው ጨረሰ። በተከታዩ ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሥራ ጀመረ። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒቴሪያኑ አንድ ቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ሠለጠኑ። በ1978 የሕክምና ትምህርቱ ከላይፕዚጉ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሲጀመርም ያ የቡድን ልማድ አልቀረም። እኛም በተራችን ቦርሳችንን አንግተን ለቲም ትሬኒንግ ወጥተናል፤ ሽንት ቤት ቆጥረናል፣ ምንጭ አጎልብተናል፣ ያለ ማጉያ ገበያ መሀል ቆመን አስተምረናል።

የዚያ ልማድ ትምህርት አጭር ነበር፦ በሽታውን ላቦራቶሪ ውስጥ ቁጭ ብለህ አትጠብቀው፤ ሰው ከሚኖርበት ቤት፣ ከሚቀዳው ውሃ ጀምረህ ተከታተለው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ዛሬ ስለ ደም የምነግራችሁም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሌላዋ ትንኝ

አብዛኞቻችን ትንኝ ሲባል የሚታየን የወባዋ አኖፊለስ ናት፤ ማታ የምትመጣው፣ አጎበር የሚከላከላት። የዛሬዋ ባለ ጉዳይ ግን ኤደስ ኢጂፕታይ ናት። እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት አላት። የምትናከሰው ቀን ነው፤ በተለይ ጠዋትና ወደ ማምሻው ላይ። ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ጀሪካን፣ የተጣለ ጎማ፣ የአበባ ማሰሮ ይበቃታል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሰው ውሃ ያጠራቅማል፤ ሰው ውሃ ሲያጠራቅም ለኤደስ ቤት ሠራላት ማለት ነው።

በአገራችን ዴንጊ በላቦራቶሪ ተረጋግጦ ወረርሽኝ መሆኑ የታወቀው በ2013 ድሬዳዋ ላይ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። ከዚያ በኋላ ጎዴ ላይ ታየ። ቺኩንጉንያ በ2016 ዶሎ አዶ ገባ፤ በ2019 ደግሞ ድሬዳዋን አጥለቀለቃት፣ ከ40 ሺህ በላይ ሰው እንደታመመ ተመዝግቧል። በዚያ ሰሞን ከቤቱ አንድ ሰው ያልወደቀበት ጎረቤት ማግኘት ከባድ ነበር። ሰዉ ወገቡን ይዞ፣ እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፎ ነበር የሚራመደው።

ቢጫ ወባም አልተወንም። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የደረሰው እስከ 30 ሺህ የሚገመት ሰው የገደለ፣ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ እጅግ የከፋ ወረርሽኝ ነበር። ከብዙ አሥርት ዓመታት ዝምታ በኋላ በ2013 ደቡብ ኦሞ፣ በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ጉራጌ ላይ እንደገና ብቅ ብሏል። እንግዲህ እነዚህ ቫይረሶች ለእኛ የመጽሐፍ በሽታዎች አይደሉም።

ደሙ ውስጥ እንዴት ይገባሉ?

ደም ባንካችን እያንዳንዱን ከረጢት ለአራት ነገር ይመረምራል፦ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። የደም አገልግሎቱ በ1969 በቀይ መስቀል ማኅበር ከተጀመረበት፣ በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እስከተዛወረበት፣ ከዚያም ወደ በጎ ፈቃደኛ ለጋሽ እስከዞረበት ድረስ ብዙ ሰው ደክሞበታል። እኛ ተማሪ ሳለን በሽተኛ ደም ካስፈለገው ቤተሰቡ ነበር ኮሪደር ላይ ለኮሪደር እየሮጠ ለጋሽ የሚፈልገው። ያ ዘመን ስላለፈ እግዚአብሔር ይመስገን።

የትንኝ ቫይረሶች ግን ከአራቱ ውስጥ የሉም። ጠባያቸውም ከአራቱ ይለያል። ኤችአይቪም ሆነ ሄፓታይተስ ሰው ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ዛሬ ባታገኘው በሚቀጥለው ልገሳ ታገኘዋለህ። የዴንጊ ቫይረስ ግን በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ለአንድ ሳምንት ያህል ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል። ችግሩ ያለው በዚያች ሳምንት ነው።

ሦስት ነገሮችን ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ቫይረሱ ትኩሳቱ ከመጀመሩ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ደም ውስጥ ይገኛል። ለጋሹ ጤነኛ ነው፣ ሙቀቱ ልክ ነው፣ ሄሞግሎቢኑ ጥሩ ነው፣ ፈገግ ብሎ እጁን ይዘረጋል። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ጨርሶ አይታመሙም። በዴንጊ ከተያዙ አራት ሰዎች ሦስቱ ያህል ምልክት አያሳዩም ወይም ቀለል አድርጎባቸው ያልፋል። ዚካና ዌስት ናይልም እንዲሁ ናቸው፤ ከአምስት አንዱ ቢታመም ነው። ቺኩንጉንያ ግን ይለያል፤ አብዛኛውን ሰው አልጋ ላይ ይጥላል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ሦስተኛ፣ የደም ማቀዝቀዣ ቫይረሱን አይገድለውም። ቀይ የደም ሴል ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ለ35 ቀን ይቀመጣል፣ ፕላዝማው በረዶ ሆኖ ለወራት ይቆያል፤ ለደሙ የሚመቸው ቅዝቃዜ ለቫይረሱም ይመቸዋል።

እንግዲህ መርፌ ማለት ለቫይረሱ አቋራጭ መንገድ ነው። ትንኟ የምታደርሰው በምራቋ ጠብታ ነው፤ እኛ 450 ሚሊ ሊትር በአንዴ እናደርስለታለን። ለዚያውም ለደከመ ሰው፦ ለወላድ፣ ለካንሰር በሽተኛ፣ በወባ ደሙ ላለቀ ሕፃን።

ሌሎች ምን ተማሩ?

ዓለም ለዚህ ነገር ዓይኑን የገለጠው በ2002 ነው። ዌስት ናይል የተባለው ቫይረስ በ1937 ኡጋንዳ ውስጥ፣ ከስሙ እንደምትረዱት ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ነው የተገኘው። በ1999 ኒው ዮርክ ደረሰ። በ2002 በመኪና አደጋ የተጎዳች አንዲት ሴት ብዙ ደም ተሰጥቷት ሳትተርፍ ቀረች፤ የአካል ክፍሎቿ ለአራት ሰዎች ተለገሱ። አራቱም በዌስት ናይል ተያዙ፣ አንዱ ሞተ። ወደ ኋላ ሲጣራ ቫይረሱ ወደ እሷ የገባው በተሰጣት ደም ነበር። በዚያ ዓመት በአሜሪካ 23 ሰዎች በደም አማካይነት እንደተያዙ ተረጋገጠ። በ2003 አጋማሽ የእያንዳንዱን ለጋሽ ደም በዘረ መል ምርመራ ማየት ጀመሩ። አንድ ዓመት አልፈጀባቸውም። ገንዘብና ላቦራቶሪ ሲኖር እንዲህ ይቻላል።

ዴንጊም በዚሁ መንገድ ሲሄድ ታይቷል። በ2007 ሲንጋፖር ውስጥ ደም ሲሰጥ ጤነኛ የነበረ አንድ ለጋሽ ከዚያ በኋላ ትኩሳት ያዘው፤ ደሙን የወሰዱ ሰዎችም በዴንጊ ታመሙ። ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያገኘሁት ግን ከብራዚል ነው። በ2012 ወረርሽኝ ሰሞን በሪዮ ዴ ጃኔሮ 0.51 በመቶ፣ በሬሲፌ 0.80 በመቶ የሚሆነው የለጋሾች ደም ቫይረሱ ነበረበት። ማለትም በሬሲፌ ከ125 ከረጢት አንዱ። የመከላከል አቅም ሳይኖራቸው ያን ደም የወሰዱ 16 ሰዎችን ሲከታተሉ 6ቱ ተይዘው ሊሆን እንደሚችል አገኙ። እስከዚህ ድረስ ያስፈራል። ቀጥሎ ያለውን ግን ስሙኝ፦ ቫይረሱ ያለበትን ደም የወሰዱት በሽተኞች፣ ንጹሕ ደም ከወሰዱት ይልቅ በግልጽ ሲብስባቸው አልታየም። አደጋው እውነት ነው፤ ልኩን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ሬዩኒየን በተባለችው የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት በ2005 እና በ2006 ቺኩንጉንያ ገብቶ ከነዋሪው ሲሶ ያህሉን ያዘ። በ2006 መጀመሪያ ላይ በደሴቲቱ የደም ልገሳ ቆመ። ደም ከፈረንሳይ በአውሮፕላን ይመጣ ነበር። አምስት ቀን ብቻ የምትቆየው ፕላትሌት ግን ከሩቅ ልትመጣ ስለማትችል እዚያው እየተሰበሰበች፣ ተሐዋስያንን በሚያመክን ኬሚካልና ብርሃን እየታከመች ተሰጠች።

አሜሪካ ደግሞ በ2016 ዚካ ሲመጣ የአገሪቱ ደም ሁሉ እንዲመረመር አዘዘች። ከ4 ሚሊዮን በላይ ከረጢት ከተመረመረ በኋላ በተደረገው ጥናት በእርግጠኝነት ቫይረሱ የተገኘባቸው 9 ብቻ ነበሩ። ለእያንዳንዱ የወጣው ገንዘብ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተሰላ። በ2021 ትእዛዙ ተነሣ። ሀብታም አገር እንኳ «እስከ መቼ?» ብሎ ይጠይቃል።

የእኛ ሚዛን

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከተማው ውስጥ ዴንጊ ወይም ቺኩንጉንያ ሲገባ ሁለት ቀላል የሚመስሉ መልሶች አሉ። አንዱ «ሁሉንም ደም በዘረ መል እንመርምር» ነው። መልካም ምኞት ነው፤ ግን ማሽኑ፣ ኬሚካሉ፣ መብራቱና ባለሙያው በየክልሉ ደም ባንክ እስኪሟላ ወረርሽኙ አይጠብቀንም። ሁለተኛው «ልገሳውን እንዝጋ» ነው። ሬዩኒየን ዘግታለች አይደል? አዎ፣ ግን ሬዩኒየን ከኋላዋ ፈረንሳይ ነበረች።

በቆላው ሆስፒታል ከሠራሁበት ጊዜ አንድ ቀን ልንገራችሁ። የቺኩንጉንያ ሰሞን ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከገጠር የመጣች ወላድ ደሟ አልቆም ብሎ ገባች። ልብሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል፣ የደም ግፊቷ አይያዝም። ማቀዝቀዣው ውስጥ በቡድኗ ያሉት ሁለት ከረጢቶች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ባለፈው ቀን እዚያው ከተማ ካለ ኮሌጅ ተማሪዎች የተወሰዱ። የላቦራቶሪው ልጅ ከረጢቶቹን እንደያዘ «ዶክተር፣ ኮሌጁ ውስጥ እኮ ግማሹ ተማሪ ተኝቷል» አለኝ። ከማዋለጃው ሐኪም ጋር ተያየን። ከተያየን በኋላ የተነጋገርንበት ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሁለቱም ከረጢቶች ገቡላት። በአምስተኛው ቀን ልጇን ታቅፋ በእግሯ ወጣች።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በዚያው ሳምንት አንድ የኮሌጅ ተማሪ ለላቦራቶሪው ልጅ ስልክ ደወለ። «ደም ከሰጠሁ ሁለት ቀኔ ነው፤ ትናንት ጤነኛ ነበርኩ፣ ዛሬ ጉልበቴ አላስቆመኝ አለ፤ ደሜን ለሰው እንዳትሰጡት» አለው። ከረጢቱ ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር፤ ወጥቶ ተወገደ። ተማሪው ስልኩን ከየት አገኘው? የላቦራቶሪው ልጅ በራሱ ተነሣሽነት የግል ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት እየጻፈ ለእያንዳንዱ ለጋሽ ከብስኩቱ ጋር ይሰጥ ነበር። ማንም አላዘዘውም። የስልክ ካርዱንም ከኪሱ ነበር የሚሞላው።

ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አድርጌ ነው የማያቸው። ልገሳውን ብንዘጋ ኖሮ ያቺ ወላድ ልጇን ታቅፋ አትወጣም ነበር። ያ ቁራጭ ወረቀት ባይኖር ደግሞ ያ ከረጢት አንድ ሰው ደም ሥር ውስጥ ይገባ ነበር። እንግዲህ ዛሬ ልል የመጣሁት ነገር ይህ ነው፦ ምርመራው በሌለበት አገር የደሙ ዋነኛ ጠባቂ ለጋሹ ራሱ ነው። የእኛ ሥራ ለጋሹ የሚያየውንና የሚሰማውን እንዲነግረን በር መክፈት ነው።

ምን እናድርግ?

መጀመሪያ መጠየቅ። ወረርሽኝ ባለበት ከተማ የለጋሹ ቅጽ ላይ ሦስት ጥያቄ መጨመር ብዙ ወረቀት አይፈጅም፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረብህ? ከቤትህ የታመመ ሰው አለ? ወደ እንዲህ ወዳለ ከተማ ሄደህ ነበር? «አዎ» ካለ «አትመጥንም» ብሎ ማባረር ሳይሆን «ከወር በኋላ እንጠብቅሃለን» ብሎ ቀን መስጠት ነው። የተመለሰ ለጋሽ ተስፋ ከቆረጠ ለዘለዓለም ነው የሚጠፋው።

ሁለተኛው መደወል ነው። ደም የሰጠ ሰው ሁሉ «በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ትኩሳት ከያዘህ በዚህ ቁጥር ደውል» የሚል ካርድ ይዞ ይሂድ። ቁጥሩ የአንድ ደግ ልጅ የግል ስልክ መሆን የለበትም፤ የደም ባንኩ ይሁን፣ ሌሊትም የሚያነሣ ሰው ይኑረው። እኛም ከሦስት ቀን በኋላ እንደውል፤ «እንዴት ሰነበትክ?» ማለት ባህላችን አይደል? ይህ ዘዴ ልክ እንዳለው ግን አልደብቃችሁም። በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ በ2013 እና በ2014 በዚካ ወረርሽኝ ጊዜ ከ1505 ለጋሾች 42ቱ ሲለግሱ ምልክት ሳይኖራቸው ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። ከ42ቱ በኋላ ሕመም ተሰምቶናል ያሉት 11 ናቸው። ስልክ ዚካንና ዴንጊን የሚይዘው በከፊል ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ልዩነት እዚህ ላይ ይጠቅመናል፦ ቺኩንጉንያ አብዛኛውን ሰው ስለሚጥል ስልኩ አብዛኛውን ይይዛል። ድሬዳዋን ያጥለቀለቃት ደግሞ እሱ ነው።

ሦስተኛው መጠበቅ ነው። ለጋሹ ሊደውል የሚችለው ከረጢቱ ገና ካልተሰጠ ነው። ወረርሽኝ ባለበት ከተማ ቀይ የደም ሴሉን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ማቆየት፣ 35 ቀን ለሚቆይ ነገር ትልቅ ዋጋ አይደለም። ፕላትሌት ግን አትጠብቅም፤ እሷን ከሌላ ከተማ ማምጣት ነው። እንደዚያች ሌሊት ያለ አጣዳፊ ነገር ሲመጣ ደግሞ የትኛውም መመሪያ ሐኪሙን ማሰር የለበትም። ደም እየፈሰሳት ያለችን ሴት በቀጠሮ አናክማትም።

አራተኛው ደጋችንን መጠቀም ነው። ሬዩኒየን ፈረንሳይ ነበረቻት፤ እኛ ደግሞ ከፍታ አለን። ኤደስ ብርድ አትወድም። ድሬዳዋ ስትታመም አዲስ አበባ፣ ደሴና ጎንደር አብረው አይታመሙም። ወደ ድሬዳዋ አውሮፕላንም ባቡርም አለ። ወረርሽኝ ሲታወጅ ከደጋ ደም ባንኮች ወደ ቆላው የሚሄደው የደም መጠን አስቀድሞ በእቅድ የተያዘ ይሁን፤ ሐኪም ለሐኪም በስልክ እየተለማመነ አይሁን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል።

አምስተኛው ክትባትን ይመለከታል፤ ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ግን የተዳከመ ቫይረስ ነው። በ2009 በአሜሪካ ከተከተቡ አራት ቀን የሆናቸው ሠልጣኝ ወታደሮች ደም ሰጥተው የክትባቱ ቫይረስ በደም ወደ ተቀባዮች እንደተላለፈ ታውቋል። እኛ ጋ ወረርሽኝ ሲነሣ በመቶ ሺዎች በዘመቻ እንከትባለን። ከተከተቡ በኋላ ለአራት ሳምንት ደም አለመስጠት ነው ጥንቃቄው። ስለዚህ የልገሳው ዘመቻ ከክትባቱ ዘመቻ በፊት ይቅደም። ሁለቱን ቢሮዎች አንድ ስብሰባ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የመጨረሻው የእኛ የሐኪሞቹ ነው። ደም ከተሰጠው በኋላ በሳምንቱ ትኩሳት የያዘውን በሽተኛ ሁሉ «ወባ ነው» ወይም «ቁስሉ አመርቅዟል» ብለን አንለፍ። የከረጢቱን ቁጥር ካርዱ ላይ እንጻፍ፤ ለደም ባንኩ እንንገር። ካልነገርነው ደም ባንኩ የሰጠው ነገር የት እንደደረሰ አያውቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማያስፈልገውን ደም አንዘዝ። «አንድ ከረጢት ለማበርታት» እያሉ ማዘዝ አሁንም በየዋርዱ አለ። ብረት በሚገባው ሰው ላይ ደም መስቀል ጥቅም የሌለው አደጋ ነው። ያልተሰጠ ከረጢት ቫይረስ አያስተላልፍም፤ ለእውነተኛዋ ችግረኛ ደግሞ ተረፈ ማለት ነው።

ለመምህሮቻችንና ለተበተናችሁት

ከመምህሮቻችን የምለምነው አለኝ። ሁላችሁም የምርምር ርእስ የሚፈልጉ ተማሪዎች በራችሁን ያንኳኳሉ። የለጋሾች ትርፍ የደም ናሙና፣ ስም ተነሥቶለት፣ በወቅትና በቦታ ተለይቶ ቢቀመጥ፣ ከመተማ ቆላ እስከ ምሥራቁ ድረስ በለጋሾቻችን ውስጥ እነዚህ ቫይረሶች መቼና የት እንደሚንቀሳቀሱ ማየት ይቻላል። ሁሉንም ከረጢት መመርመር አቅም ቢያጥረን፣ ጥቂት ናሙና መርምሮ የአደጋውን ወቅት ማወቅ ይቻላል። ወቅቱ ከታወቀ የትኛው ከተማ ላይ ካርዱና ስልኩ እንደሚጠብቅ፣ መቼ ከደጋ ደም እንደሚሄድ ይታወቃል። ትምህርት ቤታችን ደምቢያ ላይ የጀመረው ሥራ ቅጥያ ይህ ይመስለኛል። በርሜሉን መክደንም አይረሳ፤ ከሁሉም የሚረክሰው የደም ጥበቃ እሱ ነው።

ከባሕር ማዶ ለመጣችሁ ደግሞ አንድ ቃል። አገር ቤት ሰንብታችሁ ስትመለሱ እዚያ ያለው ደም ባንክ «ለጥቂት ወራት ደም አትሰጡም» ቢላችሁ ቅር አይበላችሁ፤ ንቀት አይደለም። በዋናነት ለወባ የተደረገ ጥንቃቄ ነው፤ ለእነዚህ ቫይረሶችም ይጠቅማል። የሄዳችሁበትን ቦታ ሳትደብቁ ተናገሩ። ያ ተማሪ ስልክ ደውሎ እንዳደረገው ማለት ነው።

የደም ሥራ ማሽንና ኬሚካል ብቻ ይመስለናል። ከሥሩ ግን መተማመን ነው ያለው፤ ለጋሹ የሚሰጠው ደሙን ብቻ አይደለም፣ እውነቱንም ነው። እውነቱን የሚቀበልለት ሰው በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ካጣ ግን ስጦታው ግማሽ ነው።

ነገ ጠዋት በግቢው ውስጥ ማኅበራችን ከደም ባንኩ ጋር ያዘጋጀው የልገሳ ድንኳን አለ። ከ18 ዓመት በላይ፣ ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ በላይ፣ ጤነኛ የሆናችሁ ሁሉ ኑ። ጎበዝ፣ ክብደቱስ ለአብዛኞቻችን አያስቸግርም! ባለፈው ወር ቆላ የሄደ፣ ትኩሳት የነበረበት፣ ክትባት የወሰደ ግን ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ይንገረን፤ ቀን እንሰጠዋለን። ካርዱንም አትማችሁ ታገኛላችሁ፤ ቁጥሩ የደም ባንኩ ነው።

በሕይወት ያሉትን መምህሮቻችንን ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ያረፉትን ነፍስ ይማርልን። ለዓመቱም በሰላም ያገናኘን።